የእትዬ ጉልበት በጋሼ ፖስታ

ጥቅምት 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፣ ካለሽበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ደህና ነኝ። ፀጉሩ የታለ እንዳትዪኝ፤ ጥቂት ቀርቶልኛል።

አሁን ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው መድኃኒት ሻጩ አይደለም። እኔ ነኝ። አጎትሽ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ብዕሬ፣ ማንም እጄን ሳይዘኝ።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከክፍሉ ሰው ሁሉ መምህሯ «ጎበዝ» ያለችው እኔን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን «በርቱ» ነው ያለቻቸው። ልዩነቱ ይገባሻል። በዚህ ዕድሜ ፊደል መቁጠር ምን ይሠራልሃል ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። «እኔ የማነበው አለኝ፤ እናንተ ምን አላችሁ?» አልኳቸው።

የማነበው ያንቺን ነው። በየወሩ የሚመጣውን ደብዳቤሽን እስካሁን የሚያነብልኝ መድኃኒት ሻጩ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲያነብ የሐኪም ማዘዣ ያደርገዋል፤ «ከምግብ በኋላ» ሊል ምንም አይቀረው። ደንበኛ ከመጣበት ደግሞ ከመሃል ይዘልና «በቃ ሰላም ናት» ብሎ አጥፎ ይሰጠኛል። ምን እንደዘለለብኝ እያሰብኩ ልብስ ስተኩስ እውላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም በዚሁ ሐሳብ የባለጋራዡን ሸሚዝ አንገት አቃጥዬ ለልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት፣ ለሴትዮዋ፣ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ብያለሁ።

ስልክ እንደማይሆነኝ ታውቂያለሽ። የማጠቢያው ማሽን ጩኸት ጆሮዬን ከደፈነው ቆየ። በስልክ ሲያወሩኝ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ ነው የሚመስለኝ። እንግዲህ በእኔና ባንቺ መሃል የቀረው ወረቀት ነው።

ሥራዬ ያው ነው። ከልብስ እጥበት ቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል አድራለሁ፣ ከፊት እተኩሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ከቦኝ ይውላል። ሲመሻሽ ባለቤቶቻቸው እየመጡ ይወስዷቸዋል፤ እኔና ባዶው መስቀያ እንቀራለን። የምነግርሽ ለወሬ ያህል ነው።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱ የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ፊደሎቹ ደህና ናቸው፣ የደከመው ዓይኔ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራሽ ምን እንደሆነ አስረጂኝ። ሰው «የእህትህ ልጅ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ትልቅ ሥራ» እላለሁ። «ምን ያህል ትልቅ?» ሲሉኝ እጄን እዘረጋለሁ። ከዚያ በላይ ግን አላውቅም።

ሕይወትሽ በደንብ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ይሁን፤ ሽብሽብ አይግባው።

አጎትሽ፣ ከካውያው አጠገብ


ኅዳር 1

ለተከበሩ እትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው። እዚህ አሁን ወቅቱ ብርድ ነው። ጉልበትዎን እንዴት ሆኑ? እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ። ሁልጊዜ አስብዎታለሁ። ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እጽፋለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 22

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ሰላምታዬ እንደ ልብስ ክምር ከፍ ብሎ ይድረስሽ። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ ለነገሩ ታሞም አያውቅም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ እኔ ራሴ ልከፍተው ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ለፈፍኩ። ካውያውን ነቀልኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለበስኩ። የደንበኛ ነው፤ በኋላ መልሼ ተኩሼዋለሁ። ተቀመጥኩ። ፖስታው ላይ የኔ አድራሻ አለ። ከፈትኩት። «ለተከበሩ እትዬ» ይላል።

እኔ መቼ ነው እትዬ የሆንኩት? ተነሥቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጢሜ አለ።

እትዬ እንግዲህ ያቺው ታላቅ እህቴ ናት፤ አክስትሽ፣ ያቺ ሌላ ከተማ ከልጆቿ ጋር ያለችው፣ ጉልበቷን የሚያማት። መጀመሪያ ማንበቡ የጠፋብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሯ ሮጥኩ። አየችውና «በትክክል አንብበሃል፤ የተሳሳተው ደብዳቤው ነው» አለችኝ። ይህን ቃሏን ጽፋ ብትፈርምልኝ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

በዚያው ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አንዴ አንባቢ ሆኛለሁ፣ ማን ይመልሰኝ? የድሮ ደብዳቤዎችሽን ከሣጥን አውጥቼ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ፌንጣዬ፣ አንድ ናቸው። «ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው።» ያ ሁሉ ወር፣ ያው ሰዎች፣ ያው ጥሩ። አንዱ ላይ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ላይ ሙቀት ነው። ከዚያ የእጄን ቃጠሎ ትጠይቂኛለሽ፤ ቃጠሎው ድኖ ጠባሳውም ተረስቶ። ሁሉም የተጻፉት ወር በገባበት ቀን ነው። መድኃኒት ሻጩን «ይህን ሁሉ ስታነብ አላየህም?» ብለው «አይቻለሁ፤ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት ብዬ ነው» አለኝ።

«እርስዎ» የምትዪኝስ ነገር? ሳትሄጂ «አንተ» ነበርኩ። በተሰቀለው ሸሚዝ መሃል እየዘለልሽ «አንተ ጋሼ፣ ያዘኛ!» ትዪኝ ነበር፤ ፌንጣ ያልኩሽም ለዚያ ነው። ሰው ሲማር እንዲህ ይሆናል ብዬ ተቀብዬው ነበር።

መነጽሩን ተዪው። ስለ እሱ አንድም ቃል ስላልመለስሽ አልጠይቅም። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የእትዬ ደብዳቤ በእኔ ፖስታ ከመጣ የኔስ የት ገባ? ደግሞስ ማን ነው የሚጽፈው?

እጅሽ አይዛል።

ጢም ያለው እትዬ


ታኅሣሥ 24

ጋሼ፣

እንደምን አለህ? ይህን በእጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ፤ ብዕር ከያዝኩ ስለቆየሁ ያንተ ይበልጠኛል። የዘገየሁት ለመጻፍ እየተቀመጥኩ ስለምነሣ ነው።

ሌላ ነገር ሳልጨምር እውነቱን ልንገርህ። ደብዳቤዎቹን የሚጽፋቸው ማሽን ነው።

የምሠራበት ቤት ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ ለሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ ለውሃ ክፍል ማስታወሻ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሰው ተቀምጦ አይጽፈውም። እኛ ናሙናውን አንድ ጊዜ እናዘጋጃለን፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ስሙንና ቀኑን እየሞላ ያትማል፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ያወጣል። ይህን የሚያደርገውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቅህ ይህን በላቸው፤ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። አለቃዬን አስፈቅጄ ያንተንና የእትዬን ደብዳቤ ከነዚያ ጋር ጨመርኩት።

ለምን ትለኝ ይሆናል። ልጽፍልህ ስቀመጥ የምጽፈው አጣ ነበር። ጠዋት እወጣለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ። ክፍሌ አንድ መስኮት አላት። ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ልትለኝ የምትፈልገውን ሁሉ በኮምፒውተር ነው የምትልክልኝ፤ ክንዷ ክንዴን ሊነካ ትንሽ እየቀረው። ይህን ብጽፍልህ ታዝናለህ። ስለዚህ አንድ ቀን ደህና የሆነች ልጅ ፈጥሬ ደብዳቤዋን ጻፍኩ፤ ማሽኑ እሷን እየደጋገመ ላከልህ።

ስሕተቱ ደግሞ እንዲህ ነው የመጣው። ማሽኑ ከማተሙ በፊት እያንዳንዱን ደብዳቤ በጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ረቂቅ በለው። ታትሞ ሲያልቅ ረቂቁ ይጣላል። ረቂቁ እስኪጣል ድረስ ስም ያስፈልገዋል፤ እኔ ስሙን ከሰዓቱ እንዲያወጣ ነበር ያደረግሁት፤ በዚህ ሰዓት ከዚህ ሰከንድ የተጀመረ እንደማለት። አንድ ማሽን ብቻ በነበረን ጊዜ ችግር አልነበረውም። ሥራ ሲበዛ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አሰለፍን። ሁለቱ በአንዲት ቅጽበት ጀመሩ፣ ለየረቂቃቸውም አንድ ዓይነት ስም አወጡ። የእትዬ ረቂቅ ባንተው ረቂቅ ላይ ተጻፈበት። አንተም እሷም ዘንድ የደረሰው የእሷ ነው። ያንተ የትም አልሄደም። ከናካቴው የለም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሮጬ የወሩን ሥራ አገላበጥኩት። የሐኪም ቤቱም ተደባልቋል። አንዲት ሴት የሌላ ሰው ቀጠሮ ይዛ ሄዳ ከበር ተመልሳለች። ካንተ በፊት ማንም አልነገረንም። ሰው የማይመለከተው ደብዳቤ ሲደርሰው ይጥለዋል፤ አንተ አነበብከው።

መነጽሩን ልኬልሃለሁ። ደብዳቤህን ቶሎ አንብቤ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ስለነበር ነው የዘገየው።

ፌንጣህ


ጥር 15

ይድረስ ለፌንጣዬ፣ ለእውነተኛዋ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ይህን ጊዜ ደግሞ የሚደርሰው ለሰው መሆኑን አውቄ ነው የምልከው። መነጽሩ ደርሷል። አድርጌው ወደ ውጭ ስወጣ መድኃኒት ሻጩ «ዳኛ መሰልክ» አለኝ። «መሰልኩ ብቻ?» ብዬው አለፍኩ።

ደብዳቤሽን ለእጥበት ቤቱ ሁሉ አነበብኩት። ሁሉንም አይደለም፤ ስለ መስኮቷና ስለዚያች ሴት ያለውን ዘልዬዋለሁ። መዝለል ከመድኃኒት ሻጩ ተምሬያለሁ። «ካንተ በፊት ማንም አልነገረንም» የሚለውን መስመር ግን ባለቤቷ «በቃ ሰማን!» እስክትል ደጋገምኩላቸው። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ማለት ይህ ነው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስሕተት ያገኘሁት ከካውያ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ ያውም ያለ መነጽር።

አሁን ምክሬን ስሚ፤ አለቃሽም ይስማ። እኛ ልብስ ስንቀበል በቁራጭ ጨርቅ ላይ ቁጥር ጽፈን ጠርዙ ላይ እንሰፋለን። ሁለት ጥቁር ሱሪ ቢመጣ አይምታታም። አንቺም ሰዓቱን ተዪና ተራ ቁጥር ስጪያቸው፤ አለቀ። ይህን የሰማ አለቃሽ ና ሥራ ግባ ቢለኝ፣ ጊዜ የለውም በይልኝ።

«ይህን ብጽፍልህ ታዝናለህ» ብለሻል። አዎ፣ አዝኛለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ «ጥሩ ነው» ይልቅ ይህኛው ሐዘን ይሻለኛል፤ ቢያንስ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እንግዲህ መነጽርም ምንም አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያች መስኮት ምን ይታያል?

አጎትሽ፣ ባለመነጽሩ


የካቲት 8

ጋሼ፣

ሰላም ነህ? በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ። ምክርህን ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ሳቀና «መጀመሪያ እኛም እንዲሁ አስበን ነበር» አለ። ባንተ ቤት ቁጥር የሚሰፋው አንድ ሰው ነው። እኛ ጋ ሁለቱ ማሽኖች እኩል ዞር ብለው «የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው?» ቢሉ ሁለቱም ቀጣዩን አንድ ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። ያው በሽታ ነው።

ያደረግሁት ይህን ነው። ስሙን ማሽኖቹ በግምት እንዲያወጡ መተው ቀረ። ኮምፒውተሩ ራሱ ማንም ያልያዘውን ስም ፈልጎ፣ ፋይሉን እዚያው በዚያ ስም ይከፍታል፤ ስሙ ተይዞ ከሆነ «እምቢ» ይልና ሌላ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ማሽንም ረቂቁን የሚያስቀምጥበት የየራሱ ቦታ አለው። ከእንግዲህ አይደባለቅም። አለቃዬ በሰው ፊት አመሰገነኝ።

ሥራ በጣም በዝቷል። እጅህ ባዶ እንዳይቀር የወሩን ማሽኑ ይላክልህ። ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እኔም እጽፋለሁ።

ፌንጣህ


መጋቢት 1

ለተከበሩ ጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው። እዚህ አሁን ወቅቱ ሙቀት ነው። የእጅዎን ቃጠሎ እንዴት ሆኑ? እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ። ሁልጊዜ አስብዎታለሁ። ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እጽፋለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ጉድ ፈልቷል። እንደገና እትዬ ሆኛለሁ!

ያልተደባለቀ ነው ብዬ ስከፍተው «ለተከበሩ እትዬ» ብሎ ጀመረኝ። ወረድ ብሎ «ጉልበትዎን እንዴት ሆኑ?» ይላል። ተነሥቼ ሁለቱንም ጉልበቴን ዳሰስኳቸው፤ ለምን እንደሚጠይቁኝ እነሱም አያውቁም። መድኃኒት ሻጩም አይቶታል፤ «ቅባት ልስጥህ?» ሲለኝ ነበር። ባለቤቷም አይታለች። መንገደኛም ያየ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያንቺ ወረቀት ግን አፍታም አይቆይ፣ የያዘውን ይለቃል።

እንግዲህ አንቺ እንደምታውቂው እኔ በንባብ አልታማም። ስለዚህ ምን እንደሆነ ፈልገሽ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ እንደዚያኛው ጊዜ ረዘም አድርገሽ። እግረ መንገድሽንም መስኮቷን። ስለሷ ሳትነግሪኝ ነው የቀረሽው።

ዓይንሽ ብርሃን አይጣ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 7

ጋሼ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ለአለቃዬ ሄጄ ተናገርኩ፤ የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ እንደገና ተደባልቆ ሰው ቢጎዳስ ብዬ። ማሽኖቹ ቆሙ። ከእኔ ጀምሮ እስከ ጸሐፊዋ ሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ በእጁ እያጣጠፈ፣ ፖስታው ላይ ያለውን ስም ከውስጡ ጋር እያስተያየ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ስሕተቱን እፈልጋለሁ፤ የለም። አንዱ ረቂቅ በሌላው ስም የተያዘበት አንድም ቦታ አላገኘሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኛለሁ፤ ደህና የሆነውንም እየነካካሁ ላበላሽ ነው።

ያን ወረቀት ላክልኝ። እባክህ ከነፖስታው። አለቃዬ «አስተካክያለሁ ብለሽኝ ነበር» ብቻ አለኝ።

ፌንጣህ


ሚያዝያ 25

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ነሽ? ወረቀቱን ፈልጌ ነበር። ካውያ በላው። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነው።

ደግሞ ብዙ አትልፊ። አንባቢው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። እኔ እኮ ማንበብ የጀመርኩት ትናንት ነው፤ መነጽሩም ገና አልለመደኝም። አለቃሽን እንዲህ በይው፤ አጎቴ ሽማግሌ ነው፣ ፊደል በቅጡ አይለይም በይው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አጎትሽ


ግንቦት 23

ጋሼ፣

ታኅሣሥ ላይ ያንን ረጅሙን ደብዳቤ ከላክሁልህ በኋላ እትዬን ከማሽኑ አውጥቻት ነበር። እሷ አታነብም፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ እደውልላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ውስጥ ጉልበት የሚል ቃል የለም። መጋቢት ላይ ስለ ጉልበት የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊወጣ አይችልም። ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት ወዲያው አልታሰበኝም? «አይቻለሁ» ያልከኝ አንተ ስለሆንክ ነው። ፊደል አልለይም ብለህ የጻፍክባትን ያችን አጭር ደብዳቤ ሳነብ ነው የገባኝ። እንዲህ የሚል ሰው አንተን አይመስልም።

ተናደድኩ። አሁንም ደህና አልበረደልኝም። ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ሰጡት። አልተሳሳትኩም ብዬ ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ ተሳስቻለሁ ብዬ ያስቆምኩት እኔው ነኝ። አሁን ሥራዬ የታተመውን እያዩ ማጣራት ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ማሽኖቹ በቆሙ ጊዜ ሁላችንንም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡን። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ፖስታ እያቀበለችኝ ነበር። እኔ ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብላት ቀና ብላ አየችኝና «ውይ፣ ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዓመት አልፎናል አብረን ስንቀመጥ። ሳቅን። ማሽኖቹ ሲነሡ ወደየቦታችን ተመለስን፤ እንደገና መልእክት ትልክልኛለች። አንዳንዴ ግን መጨረሻው ላይ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» ብላ ትጽፍበታለች።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ የመጋቢቱን ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። «በእጅሽ ጻፊልኝ፤ እንደዚያኛው ጊዜ ረዘም አድርገሽ» ይላል።

በመስኮቴ የሚታየው ግድግዳ ነው። የጎረቤት ሕንጻ ጀርባ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች የሚወርድበት። ጠዋት ፀሐይ ሌላውን ሁሉ ትታ ያንን ቧንቧ ብቻ ለአፍታ ታበራዋለች። ያኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ቁርሴን እበላለሁ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይደለም። ይኸው ነው የሚታየው፤ እንዳልጽፍልህ ያፈርኩበትም ይኸው ነው።

አንተንም ከማሽኑ አውጥቼሃለሁ። ከእንግዲህ ወር ሲገባ ጠብቀህ የምትቀበለው የለም። የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እዘገያለሁ፤ አሳጥራለሁ፤ የማልጽፍበትም ጊዜ ይኖራል። ባልጻፍኩ ጊዜ ግን ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። ይህን ብቻ ቃል እገባልሃለሁ።

ፌንጣህ


ሐምሌ 6

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ሰላምታዬ በዝናብ ሳይረጥብ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ግን አይደርቅም፤ ባለቤቷ ገመድ ላይ የሰቀለችው ሁሉ እንደ አዘነ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይንጠባጠባል፤ በካውያ የማደርቀው እኔ ነኝ። ከተማው በደረቅ ሸሚዝ የሚሄደው በእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ውሸቴ ረጅም ነገር ጽፌ ነበር። አንብቤው ቀደድኩት፤ መምህሯ ብታየው «በርታ» ነበር የምትለኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልመልሰውም። ሥራሽን ነካሁብሽ። በሌላው ነገር ሁሉ እንደምኮራ ታውቂያለሽ፣ በዚህ አልኮራም።

ቧንቧውን አነበብኩት። ለማንም አላነበብኩም። ጠዋት ካውያው እስኪግል ስጠብቅ አሁን እዚያ ትቆማለች እላለሁ። ልክ አይሆን ይሆናል፤ እዚህ ሲነጋ እዚያ ቀትር ሊሆን ይችላል። ግን እላለሁ።

ሰኔ ላይ አልጻፍሽም። ሐምሌ ሲገባ መድኃኒት ሻጩ ከደጁ ሆኖ «የወሩ ደብዳቤ መጣ?» አለኝ። በምልክት ነው የሚጠይቀኝ፤ በእጁ አራት ማዕዘን ይሠራል። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አልመጣም። እሱም «ምነው፣ ሥርዓቷን ረሳች?» ብሎ ጮኸ፤ ይህችን ሰማኋት። «ሥርዓት የነበራት ሌላዋ ናት» አልኩት። አልገባውም። መነጽር የለውማ።

ከዚያ ለብቻዬ ወደ ፖስታ ሣጥኑ ሄድኩ። ከፈትኩት። ባዶ ነው። እጄን እስከ ጥግ ሰድጄ ዳሰስኩ፤ ብረቱ ቀዝቅዟል። መነጽሬን አወለቅሁ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፣ መልሼ አድርጌ ሣጥኑን ደግሜ ቆሜ አየሁት። ለሌላ ሰው የተላከ አይመስልም። ከማንም ጋር አልተደባለቀም።

ዝምታሽ ደርሶኛል፣ ፌንጣዬ። መልሱ ይኸውልሽ።

አጎትሽ